አቧራ ያልያዘው ብረት

ከሐረር ጅጅጋ ያለው መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ሹፌር መኪናውን የሚያውቅበት መንገድ ነበር። ከሐረር ከፍታ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል፤ ቢሲዲሞን አልፎ ባቢሌ ይገባል። ከባቢሌ ወዲያ በዳካታ፣ አንዱ ቋጥኝ ሌላውን ተሸክሞ በቆመበት ሸለቆ፣ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ከዚያ የካራማራን ሰንሰለት በማርዳ በር ተሻግሮ የጅጅጋ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ርዝመቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጠጠሩ ግን በጎማ ብዛት ተሸብሽቦ ስለነበር መኪናው ላይ ያለ ቡሎን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ሐረር ላይ ጠብቆ የታሰረው ጅጅጋ ሲደረስ ላልቶ ይገኛል።

መንገዱ ከሞተር ጋር የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ የግራዚያኒ ጦር ከደቡብ መጥቶ በጅጅጋ በኩል ሐረር የገባው በዚሁ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከሞቃዲሾ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር፣ ናይጄሪያውያን ወታደሮች ከፊት ሆነው፣ ጅጅጋን ይዞ፣ ማርዳን ሰብሮ፣ ባቢሌ ላይ ተዋግቶ በዚያው ወር ሐረር ደረሰ። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር ተይዛ የከረመችው ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ነጻ ስትወጣ ውጊያው የተወሰነው እኛ ማርሽ ቀይረን ቀስ ብለን በምንወጣው በካራማራ ላይ ነው። በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ሃርትሼክ ላይ ሲሰፍር የእርዳታ መኪናዎች በዚሁ ተመላለሱ፤ ያ ካምፕ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ነበር። ብዙ መኪና በሚሰበርበት መንገድ ዳር ሰባራ የሚጠግን ሰው መኖሩ አይቀርም። ባቢሌም እንዲህ ዓይነት ሰው ነበራት፤ እኔም የማስታውሰው እሳቸውን ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኦቾሎኒ ዘርና የማሳ ዕቃ ጭነን በባቢሌና በአካባቢዋ ቀበሌዎች እንዞር ነበር። የባቢሌ አሸዋማ አፈር ለኦቾሎኒ የተፈጠረ ነው። ተክሉ አበባውን ከመሬት በላይ ያወጣል፤ አበባው ከረገፈ በኋላ ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ሰዶ ፍሬውን አፈር ውስጥ ይቋጥራል። አፈሩ ልል ካልሆነ ዘንጉ አይገባም፤ ገበሬውም ሲነቅል ግማሹ ፍሬ መሬት ውስጥ ይቀራል። ለሰብሉ እንዲህ የተመቸው አሸዋ ለመኪና መገጣጠሚያ ግን ክፉ ነው። የተቀደደ የላስቲክ ሽፋን ባገኘበት ሁሉ እየገባ ከግራሶው ጋር ይቀላቀልና ብረቱን ይበላዋል።

መኪናችን ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነበረች። ሃይሉክስ ከጃፓን ፋብሪካ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን የኛዋ ከቀድሞዎቹ ባለ ሙሉ አክሰል ሞዴሎች አንዷ ነበረች፤ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የቆመች፣ መሪዋ በክንድ ጉልበት ብቻ የሚዞር። ሹፌራችንን ሁላችንም ጋሼ እንለው ነበር። ጋሼ መኪና ሲነዳ ሬዲዮ አይከፍትም። መኪናዋን እያዳመጠ ነው የሚነዳት፤ ከኋላ የተጫነው ጆንያ ቦታ ሲለቅ እንኳ ያውቃል።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው። ወደ ኤረር በሚያወርዱት ኩርባዎች ላይ መሪውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲመልስ ከእግሩ ሥር «ጓ» አለ። ቀጥ ብለን ስንሄድ ዝም ይላል። ኩርባ ሲመጣ እንደገና «ጓ»። በጆሮ ብቻ ሳይሆን በእግርም ይሰማል፤ ወለሉ ላይ ያረፈ ጫማ ሥር አንድ ነገር ይመታል። ጋሼ ፊቱ ተለወጠ። ሞተር ቢያስቸግር መንገድ ዳር ትቆማለህ፣ ጎማ ቢፈነዳ ትቀይራለህ። መሪ ግን ከእጅህ ወጣ ማለት ከኋላ የጫንካቸውን ሰዎች ይዘህ ገደል ገባህ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ፒክአፕ ሲያልፍ መንገድ ላይ እጁን የሚያነሳ ገበሬ፣ ታማሚ፣ ተማሪ ሁሉ ከኋላ ይጫናል። የእኛም መኪና ባዶ ሄዳ አታውቅም።

ከተማ ውስጥ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። እዚያ ያለው ወጣት መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አነሣ፣ የፊት ጎማውን ይዞ ወዘወዘ፣ «ቴስቲና ነው» አለ። ቴስቲና የመሪውን ዘንጎች ከጎማው ክንድ ጋር የምታያይዘው ባለ ክብ ራስ መገጣጠሚያ ናት፤ ስትበላ በእርግጥ ታንኳኳለች። በዚህ መንገድ ላይም ቶሎ ነው የምትበላው። ስለዚህ ፍርዱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። የመለዋወጫ ጥያቄ ተጽፎ፣ ፈቃድ ተጠብቆ፣ ዕቃው ተገዝቶ ገባ። መኪናዋ ከጋራዥ ወጥታ የመጀመሪያውን አደባባይ ስትዞር «ጓ» አለች። ሌላ ጋራዥ ደግሞ የመሪው ሳጥን ውስጡ አልቋል፣ ሙሉውን መቀየር አለበት አለን። የሳጥኑ ዋጋ ሲነገረን የመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ክፍል ዝም አለ። ዘር የሚዘራበት ወቅት ደግሞ አይጠብቅም። ጋሼ ቀስ እያለ፣ እኔ ልቤ ተንጠልጥሎ፣ ጭነን ወጣን።

ባቢሌ ስንደርስ ጋሼ ወደ ማሳው የሚወስደውን መንገድ ትቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ግራር ሥር አቆመ። ቦታው ጋራዥ ለመባል የሚበቃ ምንም አልነበረውም። አሮጌ ሸራ፣ የፈረሰ የፊያት ኤንትሬ ሻንሲ፣ በርሜል፣ ብዙ ዓይነት ቡሎን የሞላበት የዘይት ቆርቆሮ። ከመንገዱ ወዲያ ሴቶች የተቆላ ኦቾሎኒ በጣሳ ይሰፍራሉ፣ ልጆች የባቢሌን ጋዛማ ውሃ በጠርሙስ ይዘው ወደ አውቶቡስ ይሮጣሉ። ከግመል ገበያ የሚመለሱ ሰዎች በኦሮሚኛም በሶማሊኛም እየተጣሩ ያልፋሉ። ከተማዋ የሁለቱም ናት፤ በስሟ የሚጠራ ወረዳ በኦሮሚያም በሶማሌ ክልልም አለ። በየመሐሉ ከአወዳይ ጫት ጭኖ ወደ ጅጅጋ የሚበር መኪና አቧራውን አንሥቶ ይሄዳል።

ሽማግሌው መካኒክ ከሸራው ሥር ተቀምጠው አንዱን የጫት መኪና በጆሯቸው ሸኙና «ይሄ የኋላ ክሮቸራው አልቋል፣ ካራማራን አይወጣም» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ጋሼ «አዴራ» ብሎ ነበር የሚጠራቸው፤ እንደ አጎት። እሳቸው ደግሞ እንደ አገሩ ወግ ሁላችንንም «አንተ» ነበር የሚሉት።

ጋሼ የመኪናዋን ነገር ሊያስረዳ ጀመረ። ቴስቲና መቀየሩን፣ ሳጥን ይቀየር መባሉን፣ ማን ምን እንዳለ። አዴራ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«አቦ፣ ሰው ያለውን ተወው። መኪናዋ ምን አለች?»

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ያን ጊዜ የመሰለኝ ሽማግሌው ጨዋታ ወደው ነው። ኋላ ነው ጥያቄው ከሥራው የበለጠ ሥራ እንደሆነ የገባኝ።

«ቆማ ነው ስትሄድ?»

«በሁለቱም» አለ ጋሼ።

«ቆማ ካለች ይበቃናል፤ መንገድ ላይ አንፈልገውም። ወደ አንድ ጎን ነው?»

«ወደ ሁለቱም። አቅጣጫ ስቀይር።»

«ስታዞር ስታዞር እየደጋገመ ነው አንዴ?»

«አንዴ። ከዚያ መልሼ እስካዞር ዝም።»

«ፍሬን ስትይዝስ?»

«የለም።»

«ባዶ ስትሆንና ስትጫን?»

ጋሼ አሰበ። «ስትጫን ይብሳል።»

ሽማግሌው ጣታቸውን እያጠፉ ለራሳቸው አወሩ። መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ እየሄደች፣ የፊት ጎማዋ ኃይል በተቀበለበት ጊዜ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ቢል የአክሰሉ መገጣጠሚያ ነው። ጉድጓድ ላይ ብቻ ቢሆን የባሌስትራ ቦኮላ ወይም ሾክ ነው። ፍሬን ሲያዝ ቢሆን ከጎማው አካባቢ የላላ ነገር አለ። ቆማ፣ በሁለቱም ወገን፣ አንዴ ብቻ ከሆነ ግን ከመሪው እስከ ጎማው ባለው ሰንሰለት ውስጥ አንድ ነገር ቦታውን እየለቀቀ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚመታው የሚሄድበትን ክፍተት ጨርሶ ግድግዳ ሲነካ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው የተበላ ብረት ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ብረት ነው አሉ። የተበላውም ያልተበላውም ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ረዳታቸው ክሪክ ይዞ መጣ። መለሱት። ይህን ጊዜ ነው ከጋራዡ ወጣት የተለዩት። መኪና በክሪክ ሲነሣ ጎማው በነጻ ይዞራል፤ መሪ ሲዞር የሚቃወመው ነገር የለም፤ የላላውም መገጣጠሚያ ክብደት ስለማያርፍበት ዝም ይላል። ጎማው መሬት ይዞ ሲቆም ግን መሪውን የሚያዞረው ክንድና መሬቱ ይጓተታሉ፣ ጉልበቱ በየመገጣጠሚያው ያልፋል፣ ደካማውም ይጋለጣል። ክሪክ ኋላ ይመጣል፣ የጎማውን ኩሽኔታና የመሪውን ክንድ መቆሚያ ለማየት። መጀመሪያ ግን መኪናዋ እንደ ጭነቷ መቆም አለባት አሉ። ጆንያዎቹን ልናወርድ የጀመርነውንም አስቆሙን።

ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሞተር ጠፍቷል። መሪውን ስንዝር ያህል ወደ ግራ፣ ስንዝር ያህል ወደ ቀኝ እንዲያመላልስ ታዘዘ፣ በቀስታ፣ ሳያቋርጥ። እሳቸው ጆንያ አንጥፈው ከሥር ገቡ። እኔንም ጠሩኝ። «ጆሮህን ተወው፣ እጅህን ስጠኝ» አሉ።

ምክንያቱን ቆይተው አስረዱኝ። የመኪና ሻንሲ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ብረት ነው፣ ድምፅን ይሸከማል። ከፊት የተመታው ከወለሉ መሐል ይሰማል፤ ከቀኝ የተመታው ከግራ። ሹፌሩ ከእግሩ ሥር የሚሰማው ድምፁ የወጣበት ቦታ ነው እንጂ የተነሣበት አይደለም። እጅ ግን የሚሰማው የነካውን ብቻ ነው። ወጌሻ የተሰበረ እጅ ሲያይ ታማሚውን «አንቀሳቅሰው» ብሎ እሱ በጣቱ አጥንቱን ይከተላል፤ እሳቸውም እንዲሁ ነበር የሚሠሩት።

ከላይ ጀመርን። የመሪው ዘንግ ወደ ሞተሩ ክፍል የሚወርድበት ቦታ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ በጣቴ ከበብኩት፤ ጋሼ ሲያመላልስ ከላይ ያለውም ከታች ያለውም አብሮ ዞረ። ደህና ነው። ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ፣ ከክንዱ ወደ ጎማው የሚሄደው ረጅም ዘንግ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ፣ በየራሱ ያሉት አዳዲሶቹ ቴስቲናዎች፣ በየተራ ተነኩ። እያንዳንዱ ላይ እጃችንን በሁለት ብረት መካከል እናሳርፋለን፣ ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ። አብረው ከሄዱ መገጣጠሚያው ደህና ነው፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ከተከተለው ያ ነው። ቴስቲናዎቹ አብረው ሄዱ። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት ስታፋዎች አልተንቀሳቀሱም። «ጓ» ግን ከላያችን፣ ከጎናችን፣ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይመታል፤ እኔ በእያንዳንዱ ምት ጭንቅላቴን ወደ ድምፁ ሳዞር እሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ ነካ ማድረጉን ትተው ማየት ጀመሩ። የባትሪ መብራት በአፋቸው ይዘው ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኙ። ብዙ ቆዩ። ከሥር ያለው ነገር ሁሉ የባቢሌን አቧራ ለብሷል፤ ዘንጉ፣ አክሰሉ፣ የፍሬን ቧንቧው ሁሉ አንድ ቀለም ነው፣ ቀይ ቡናማ። የመሪው ሳጥን ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ግን እንደ ጥፍር ጫፍ የቀጠነ መስመር አቧራ አልያዘም። ብረቱ ያብለጨልጫል። ከመስመሩ ሥር ደግሞ ከአቧራው የጠቆረ፣ የቀላ የዝገት ዱቄት ተቀምጧል።

«አየኸው?» አሉኝ። «አቧራ የሚቀመጠው የተቀመጠ ነገር ላይ ነው። እዚህ ጋ ግን አርፎ የሚቀመጥ ነገር የለም።»

ሁለት ብረቶች ተጣብቀው መቆም ሲገባቸው በጥቂቱ ሲፋጩ የሚያወጡት ዱቄት ነው። ዛሬም መኪና ሥር ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ያን ዱቄት ነው። ጣቴን ግማሹን ሳጥኑ ላይ ግማሹን ሻንሲው ላይ አሳረፍኩ። ጋሼ መሪውን ወደ ግራ ወሰደ፤ ሳጥኑ ከጣቴ ሥር ወደ ውጭ ተንቀሳቀሰ። ወደ ቀኝ መለሰ፤ ሳጥኑ ተመለሰና «ጓ» አለ። የምላጭ ውፍረት ያህል ነው የተንቀሳቀሰው። የዚያ ሁሉ ድምፅ ምንጭ እሱ ነበር።

ሳጥኑ ውስጡ ጤነኛ ነው። ቀይሩ የተባልነው እሱን ነበር። የታመመው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ጋሼ «በል ቡሎኑን አጥብቅልኝና ልሂድ» አለ ደስ ብሎት። አዴራ ግን አልጨረሱም። ቡሎኖቹን በቁልፍ ሞከሩ፤ አንዱ በቀላሉ ዞረ፣ ሌሎቹ ጠብቀው ነበር። «የጠበቀ ቡሎን እያለ ሳጥኑ ለምን ይሄዳል?» አሉ። የላላውን አውጥተው ቀዳዳውን በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ አጠቡት። ትንሽ ጋዝ ቀብተው ዝም ብለው ተቀመጡ። ሻይ መጣ፣ ተጠጣ። ከዚያ ብረቱን በደረቅ ጨርቅ አበሱና የትምህርት ቤት ጠመኔ አሹበት። ነጭ ሆነ። «አሁን አመላልስ» አሉ። ጋሼ ሲያመላልስ ነጩ ላይ ከቀዳዳው ጫፍ የጀመረ እርጥብ የጠቆረ ክር ወጣ። ሻንሲው ተሰንጥቋል። ጋዙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ብረቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ወደ ጠመኔው ተፋው።

ይህን ዘዴ ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው በልጅነታቸው ድሬዳዋ በባቡር ጋራዥ ተላላኪ እንደነበሩ ነገሩኝ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም ከነጥገና ቤቷ በዙሪያው አደገች። የባቡር ሰዎች የአክሰል ስንጥቅ የሚፈልጉት በዚሁ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ የባቡር ጋራዦችም ዘመናዊው የቀለም ምርመራ ከመምጣቱ በፊት በዘይትና በነጭ ዱቄት ነበር የሚሠራው። ከዚያ ሁሉ አልፎ ዕውቀቱ በአንድ ልጅ እጅ ባቢሌ ግራር ሥር ደርሷል። እኔ ትምህርት ቤት ስለ ብረት ድካም ተምሬ ነበር፤ ብረት በአንድ ትልቅ ምት ሳይሆን በብዙ ትናንሽ ምት እንደሚሰነጠቅ፣ ስንጥቁም ከቀዳዳ ጠርዝ እንደሚጀምር። በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

አዴራ ምክንያቱንም ነገሩን። የተሸበሸበው ጠጠር አንድ ነገር ነው። ሌላው ጭነት የተሸከመ መኪና ቆሞ እያለ መሪ ማዞር ነው። ጎማው አይንሸራተትም፣ ሹፌሩ በሙሉ ክንዱ ይገፋል፣ ያ ጉልበት ሁሉ ሳጥኑን ከሻንሲው ሊነቅለው ይታገላል። «ትንሽ ተንቀሳቀስና አዙር፤ ጎማው መዞር ከጀመረ መሪው ይቀልልሃል» አሉት ጋሼን። ጋሼን ከዚያ ወዲያ በጠባብ ቦታ እንኳ መኪናዋን ሳያንከባልል መሪ ሲያዞር አላየሁትም።

ጥገናው ከፍለጋው አጠረ። ሳጥኑ ወረደ። የስንጥቁ መጨረሻ ጫፍ በጠመኔ ተፈልጎ ትንሽ ቀዳዳ ተሰረሰረበት፣ ስንጥቁ ከዚያ እንዳያልፍ። ስንጥቁ ራሱ በሞረድ እስከ ውስጡ ተከፈተ፤ ከላይ ብቻ የተበየደ ስንጥቅ ከሥር መሄዱን አይተውም። የባትሪው ገመድ ተነቀለ፣ ከዚያ ተበየደ። ላዩ ላይ ከአሮጌው የኤንትሬ ሻንሲ የተቆረጠ ሰሌዳ ተደረበ፤ ሰሌዳው ማዕዘኖቹ የተከረከሙ ነበሩ፣ ምክንያቱም በብየዳ የተቋጨ ሹል ማዕዘን ራሱ አዲስ ስንጥቅ ይጀምራል። ሳጥኑ በአዲስ ቡሎንና በስፕሪንግ ሮንዴላ ታሰረ፤ ቡሎኖቹ ሁሉ አንዱን ከአንዱ በማሻገር በየተራ ጥቂት ጥቂት እየተባሉ ጠበቁ። ጸሐይ ሳይጠልቅ አለቀ። ጋሼ መሪውን አመላለሰ። ዝምታ ነበር።

ሒሳብ ሲጠየቁ አዴራ የብየዳና የቡሎን ዋጋ ብቻ ነገሩን። ጋሼ ተቆጣ። «የፈለግህበትስ?» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ለፍለጋ ማንም ከፍሏቸው ስለማያውቅ ነበር የሳቁት። ጋሼ ከኪሱ ጨምሮ ሰጠ፤ መሥሪያ ቤቱ ለዚያ ደረሰኝ እንደማይቀበለው እያወቀ።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለማወቅ አንከፍልም። ቴስቲና ሲቀየር ደረሰኝ አለ፣ የቀየረው ሰው ክፍያ አለው፣ ስህተቱም ሒሳብ ክፍል ገብቶ ጸድቆ ይወጣል። ጆንያ ላይ ተኝቶ ግማሽ ቀን አቧራ የሌለበትን መስመር የፈለገ ሰው ግን ሥራውን የሚጽፍበት ዓምድ የለውም። ስለዚህ መካኒኩ የሚማረው ፈልጎ ማግኘትን ሳይሆን ቶሎ መቀየርን ነው። የሚከፍለውም ደሀው ነው፤ መለዋወጫ በውድ የሚገዛው፣ ያን ውድ ዕቃም ያለ ምክንያት የሚጥለው። አንዳንዶች ይህ የኋላ ቀር ጋራዥ ችግር ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዛሬ ኮምፒውተር የተሰካባቸው ጋራዦች ገብቻለሁ። ኮምፒውተሩ የሞተሩን፣ የፍሬኑን ኤሌክትሪክ ሁሉ ያነብባል፣ ጥሩ ነው፣ ብዙ ድካም ቀንሷል። የላላ ቡሎን፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ፣ የተበላ ቦኮላ ግን ኮድ አይሰጥም። «ምንም ስህተት የለም» ብሎ መኪናው እያንኳኳ ይመልስልሃል።

መንገዱ አሁን አስፋልት ነው። የሐረር ልጆች ጅጅጋ ቁርስ በልተው ምሳ ቤታቸው ይመለሳሉ። ፒክአፖቹም ተለውጠዋል፤ የፊት ባሌስትራ ቀርቶ በሞላ የቆሙ፣ ከሳጥን ይልቅ ጥርስ ባለው አግዳሚ ዘንግ መሪያቸው የሚዞር፣ በአንድ ጣት የሚታዘዙ ናቸው። በእነሱ ላይ የሚያንኳኳው ቦታ ሌላ ነው፤ የታችኛው ክንድ ኳስ፣ የማረጋጊያው ዘንግ ላስቲክ፣ የአግዳሚው ዘንግ ማሰሪያ። የአዴራ ጥያቄዎች ግን ለእነሱም ይሠራሉ። ቆሞ ነው ሲሄድ? ወደ አንድ ጎን ነው ወደ ሁለቱም? አንዴ ነው እየደጋገመ? ተጭኖ ይብሳል ይሻላል? እነዚህን የቴክኒክ ትምህርት ቤት ልጆች ቁልፍ ከመያዛቸው በፊት ቢለማመዷቸው ምን ያህል ብረት፣ ምን ያህል ገንዘብ፣ ምን ያህል ሕይወት እንደሚተርፍ አስባለሁ። መማሪያው ውድ አይደለም። ጎማው መሬት የያዘ አንድ መኪና፣ መሪ የሚያመላልስ አንድ ሰው፣ ከሥር የሚተኛ አንድ ሰው ይበቃል።

ከዓመታት በኋላ ሥራ ለውጬ ጅጅጋ ነበርኩ። ሆቴሉ ፊት ለፊት አንድ ሶማሌ ወጣት የእርዳታ ድርጅት የድሮ ሞዴል ፒክአፕ አቁሞ ኮፈኑን ከፍቶ ይመለከታል፤ መንገዱ ወደ ቀብሪበያህ ነው፣ መሪ ሲያዞር የሚመታ ነገር አለ። ሳጥኑ እንዲቀየር ተወስኗል፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እየተጠበቀ ነው አለኝ። ሸሚዜን አወለቅሁ። ጥያቄዎቹን ጠየቅሁት፤ መልሶቹ ከኛዋ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ፣ ከአንዱ በስተቀር፤ ጉድጓድ ላይም ይመታል። ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ከሥር ገባሁ። ወደ ሳጥኑ ነው የሄድኩት፤ ጠርዙ ሁሉ አቧራ ለብሶ በሰላም ተቀምጧል። ዘንጎቹ አብረው ሄዱ። ከዚያ በግራው ባሌስትራ ላይ፣ አክሰሉ ከሚታሰርበት ጎን፣ ያን የሚያብለጨልጭ መስመርና ቀዩን ዱቄት አየሁ። መሪው ሲዞር አክሰሉ ራሱ በባሌስትራው ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ሲመለስ ይመታል። የስታፋው ዳዶ በጣት ይዞር ነበር። መሐል ቡሎኑ አልተቆረጠም ነበርና ዳዶዎቹን በየተራ አጠበቅናቸው፤ ከአጠገባችን ካለው ጎሚስታ ረጅም ቁልፍ ተውሰን። መሪውን አመላለሰ፣ አዳመጥን፣ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ቀብሪበያህ ሄደ። ሳጥኑን አትላኩ ብሎ አዲስ አበባ የደወለው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው።